አረጋውያን ከሰው እንዳይርቁ፦ ከምን ይጀመራል፣ የት ላይ ይበላሻል

አንድ አዛውንት ብቻቸውን ሲቀሩ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚለው «ሄደን እንጠይቃቸው» ነው። መጠየቁ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በወር አንዴ ስድስት ሰው ሆኖ ሄዶ፣ ሳሎኑን ሞልቶ፣ እርስ በርስ ሲያወራ ውሎ መመለስ ለእሳቸው ጤና የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። የሚጠቅመው አነስ ያለ፣ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ፣ ሳይቋረጥ የሚደጋገም ግንኙነት ነው። በዚያ ላይ እሳቸው ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ የሚሰጡበት መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለልጆች፣ ለዘመድና ለጎረቤት የተጻፈ ነው። አንባቢው ራሳቸው በዕድሜ የገፉ ከሆኑም አብዛኛውን እንዳለ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የጤና ጉዳይ የሆነው ለምንድን ነው?

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1979 ሊሳ በርክማን እና ሊዮናርድ ሳይም የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ ካውንቲ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለ9 ዓመት የተከታተለ ጥናት አሳተሙ። ከቤተሰብ፣ ከወዳጅና ከማኅበር ጋር ያላቸው ትስስር የላላ ሰዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ትስስራቸው ከጠነከረው ጋር ሲነጻጸር በወንዶች 2.3፣ በሴቶች 2.8 እጥፍ ነበር። በ2010 ጁሊያን ሆልት-ለንስታድ ከባልደረቦቿ ጋር 148 ጥናቶችን አንድ ላይ ስትመዝን (ከ300,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ነው)፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚቸገር፣ ከዚሁ ጋር በተያያዘም በዓመት ወደ 871,000 ሰው እንደሚሞት ገምቷል።

እነዚህ ቁጥሮች አንድ ነገር አይለዩም። ብቸኝነት ያሳምማል፤ ሕመምም በተራው ሰውን ቤት አስቀርቶ ብቸኛ ያደርጋል። ስለዚህ ቁጥሩን «ብቸኝነት ይህን ያህል ሰው ገደለ» ብሎ ብቻ ማንበብ ስሕተት ነው። ሁለቱ ተያይዘው የሚሄዱ መሆናቸው ግን አያከራክርም፣ ለመንከባከብም ይህ ይበቃል። ብቸኝነት ሲሰነብት ሰውነት ዘብ እንደቆመ ይቆያል፦ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ይላል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ሌላው መንገድ ደግሞ ተራ ነገር ነው። ብቻውን ለሚኖር ሰው «ይህ ሳል ሰነበተብዎት፣ ይታዩት» የሚለው የለም። መድኃኒት መዝለሉን፣ ሁለት ጊዜ መውደቁን፣ ልብሱ መስፋቱን የሚያይ የለም።

መጀመሪያ ችግሩን መለየት

ከሰው መነጠልና ብቸኝነት አንድ አይደሉም። መነጠል የሚቆጠር ነገር ነው፦ ስንት ሰው አገኙ፣ በስንት ቀኑ? ብቸኝነት ግን ስሜት ነው። በልጅ ልጆች ተከብበው እጅግ ብቸኛ የሆኑ አሉ። ሁለት ወዳጅ ብቻ ይዘው ምንም ያልጎደላቸውም አሉ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ የወዳጆቹን ቁጥር ራሱ እየቀነሰ ለልቡ ከቀረቡት ጋር መቆየትን እንደሚመርጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሎራ ካርስተንሰን ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ስታሳይ ቆይታለች። ስለዚህ የወዳጅ ማነስ ብቻውን አያስደንግጥ።

ለመለየት ሁለት አጫጭር መጠይቆች ይበቃሉ፤ ሁለቱም በጥናት የተፈተኑ ናቸው።

የመጀመሪያው ባለ 6 ጥያቄው የሉበን መለኪያ ነው። ስለ ዘመድ ሦስት፣ ስለ ወዳጅ ደግሞ ያንኑ ሦስት ይጠይቃል፦ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ የምታገኟቸው ወይም ድምፃቸውን የምትሰሙት ስንት ናቸው? የግል ጉዳያችሁን ሳትሳቀቁ የምታወሯቸውስ? ስትቸገሩ ጠርታችሁ እርዳታ ልትጠይቋቸው የምትችሉ የቅርብ ሰዎችስ? ማንም ከሌለ 0፣ አንድ ሰው 1፣ ሁለት 2፣ ሦስት ወይም አራት 3፣ ከአምስት እስከ ስምንት 4፣ ዘጠኝና ከዚያ በላይ 5 ነጥብ ይሰጣል። ከ30 ነጥብ ከ12 በታች ያገኘ ሰው ለመነጠል ተጋልጧል። ድምሩን ብቻ አትዩ። ከዘመድ 12፣ ከወዳጅ 0 ያገኙ ሰው በደህና ክልል ውስጥ ቢታዩም፣ ቤተሰቡ አንድ ቀን ቢበተን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ሁለተኛው ባለ 3 ጥያቄ የብቸኝነት መለኪያ ነው፦ አብሮኝ የሚሆን ሰው አጣሁ የሚል ስሜት፣ ተተውኩ የሚል ስሜት፣ ከሌሎች ተነጠልኩ የሚል ስሜት በየስንቱ ይሰማዎታል? «ከስንት አንዴ» 1፣ «አንዳንዴ» 2፣ «ብዙ ጊዜ» 3 ነው። ድምሩ ከ3 እስከ 9 ሲሆን፣ 6ና ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ እንደ ብቸኝነት ይቆጠራል። ወረቀት ዘርግቶ እንደ መርማሪ መጠየቅ ግን መልሱን ያበላሻል። ሌላ ጨዋታ ሲይዙ መሀል ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ጠይቁ። ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ብቸኝነት ይሰማሻል?» ቢላት አብዛኛዋ እናት «ኧረ እኔ ምን ጎድሎኝ!» ትላለች።

ሦስተኛ መለያም አለ። ሮበርት ዋይስ በ1973 ብቸኝነትን ለሁለት ከፍሎት ነበር፦ አንዱ የቅርብ ሰው ማጣት (የትዳር ጓደኛ፣ የልብ ወዳጅ)፣ ሌላው የባልንጀራ ክበብ ማጣት። አንዱ በሌላው አይሞላም። ባላቸውን በቅርቡ ያጡ እናት ዘንድ ሃያ ሰው ያለበት ስብስብ ይዞ መድረስ ቁስላቸውን አይነካም፤ እንዲያውም ሁሉም ከነጥንዱ ሲመጣ ሊያባብሰው ይችላል። ለእሳቸው የሚሻለው ሳይቸኩል የሚቀመጥ አንድ ሰው ነው። በአንጻሩ ሠፈር ቀይረው ልጃቸው ዘንድ የገቡ አባት ልጁ በቂ ፍቅር ስላልሰጠ አይደለም የሚተክዙት። እኩያ አጥተው ነው።

ሰው ከማገናኘት በፊት፦ ጆሮ፣ ዓይን፣ ፊኛ፣ እግር

ብዙ ጥረት ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አዛውንቱ ከሰው የሸሹት ሰው ጠልተው ሳይሆን ስለማይሰሙ፣ ወይም መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ስለማያውቁ ከሆነ፣ የፈለገ ጥሩ ስብስብ ቢዘጋጅላቸው አይመጡም። ምክንያቱንም አይናገሩም፣ ያፍሩበታልና።

ከጆሮ ጀምሩ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት መቀነስ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ እንደ ስ፣ ፍ፣ ት ያሉት ፊደላት ይጠፋሉ፣ የሴትና የሕፃን ድምፅ ይከብዳል። ስለዚህ «እሰማለሁ፣ ግን እናንተ አጥርታችሁ አትናገሩም» የሚሉት እውነታቸውን ነው። ድምፅ ይደርሳቸዋል፣ ቃሉ ግን አይለይላቸውም። መጮኽ የማይጠቅመውም ለዚህ ነው። ጩኸት ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ቀጭኑን ይውጠዋል፣ የአፍን ቅርጽ ያዛባል፣ የቁጣ መልክም አለው። በምትኩ ቴሌቪዥኑን ዝጉ። ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ መስኮቱን ከኋላችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ አድርጉ። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር ርቀት ላይ ተቀመጡ። ስማቸውን ጠርታችሁ ዓይናቸው እናንተ ላይ ሲያርፍ ጀምሩ። ካልገባቸው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አትድገሙ፣ በሌላ ቃል በሉት። «ተዪው፣ ምንም አይደለም» የምትለው ቃል ከሁሉ የከፋችው ናት። አንድ ሰው ከጨዋታ ውጪ መሆኑ የሚነገረው በእሷ ነው።

የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ይታይ እንጂ በጥጥ እንጨት አይጎርጎር፣ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አንጎል ለዓመታት ያልሰማውን የበር ሲጢጥታና የውኃ ድምፅ በአንድ ቀን ሲያገኝ ይረበሻል። ጸጥ ባለ ክፍል በቀን ለአንድ ሁለት ሰዓት ይጀመር፣ በየቀኑ ይጨመር፣ የሚያሳክክ ወይም የሚያፏጭ ከሆነ ወደገጠመው ባለሙያ ይመለስ። ልፋቱ ከንቱ አይቀርም። ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆኑ 977 ሰዎችን ለ3 ዓመት በተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ላይ የመስሚያ መሣሪያና ምክር ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ በአማካይ አንድ ተጨማሪ ሰው በማኅበራዊ ክበባቸው ውስጥ ይዘው ቆይተዋል። አንድ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ክበባቸው የአራት ሰው ለሆነ ግን አንድ አራተኛ ነው።

የሽንት ነገር በሹክሹክታ ይጠየቅ እንጂ ይጠየቅ። ከቤት መውጣት የተዉበትን ጊዜና አዲስ መድኃኒት የጀመሩበትን ጊዜ አስተያዩ። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ኪኒን ጠዋት ውጠው ረፋዱ ላይ የሚደረግ ስብሰባ ላይ መቀመጥ አይችሉም። ሰዓቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በራሳችሁ አትቀይሩ፣ አታስቁሙ። የሚኬድበትን ቦታ መጸዳጃ ቤት አስቀድማችሁ አይታችሁ «ከበሩ በስተቀኝ ነው፣ ደረጃ የለውም» ብላችሁ መንገር ብቻውን ግማሹን ፍርሃት ይቀንሳል።

ከዚያ ቀጥሎ ዓይን (የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል)፣ የማይገጥም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሚቆረቁር ጫማና አንዴ ወድቆ የተነሣ ሰው ፍርሃት አሉ። የመጨረሻው በምክር አይለቅም፣ በልምምድ እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ይመክራል፤ ይህን ከሌላ ሰው ጋር መሥራት ሁለቱንም ጉዳይ ባንድ ላይ ይፈታል።

የ10 ደቂቃው ስልክ

ከሁሉ የሚቀለውና የሚናቀው ይህ ነው። በ2021 በታተመ የቴክሳስ ጥናት ላይ 240 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለ4 ሳምንት ስልክ ይደወልላቸው ነበር። ደዋዮቹ ባለሙያዎች አልነበሩም፤ ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 23 የሆነ፣ አጭር ሥልጠና የተሰጣቸው ወጣቶች ነበሩ። ጥሪው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ ተደዋዩ በመረጠው ልክ ይደወል ነበር። በወሩ መጨረሻ ብቸኝነታቸው፣ ድባቴያቸውና ጭንቀታቸው ካልተደወለላቸው ይልቅ ቀንሶ ተገኘ።

ይህን ቤት ውስጥ ለመድገም ሥርዓት ይፈልጋል። ሦስት ልጆች ካሉ ሦስቱም እሑድ ማታ ይደውላሉ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስልኩ ዝም ይላል። ቀን ተከፋፈሉ፦ አንዱ ሰኞና ሐሙስ፣ ሌላዋ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሦስተኛው ረቡዕና እሑድ። ሰዓቱ አንድ ዓይነት ይሁን። መጠበቅ ራሱ የግንኙነቱ ግማሽ ነው፤ ዐሥር ሰዓት ላይ እንደሚደወል የሚያውቅ ሰው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የሚነግረውን ያሰናዳል።

ወረቀት አስቀምጡና ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን አሉ፣ የማንን ስም አነሡ፣ ቀጥሎ ምን ይጠብቃሉ። የሚቀጥለው ጥሪ ከዚያ ይጀምራል። «አባባ፣ ያ ለጉልበትዎ ቀጠሮ የያዙት እንዴት ሆነ?» የሚለው «እንዴት ነዎት?» ከሚለው ይለያል። ለሁለተኛው መልሱ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። ጥያቄያችሁ «እንዴት» እና «ያኔ ምን አደረጉ» የሚል ይሁን። ቢያንስ አንድ ነገር አማክሯቸው፤ ለይስሙላ ሳይሆን በእውነት መልሱን የምትፈልጉትን። ዝም ሲሉ አምስት ሰከንድ ጠብቁ፣ አዛውንት ቃል ሲፈልጉ ጊዜ ይወስዳሉ። ለመዝጋት ስትዘጋጁ «ሐሙስ በዐሥር ሰዓት» ብላችሁ ዝጉ።

ዋናው ብልሽት ጥሪውን ቁጥጥር ማድረግ ነው። «መድኃኒት ዋጡ? በሉ? በሩን ቆለፉ?» ብሎ ጀምሮ የሚጨርስ ስልክ ጥበቃ እንጂ ወዳጅነት አይደለም። የግድ መጠየቅ ካለበት መጨረሻ ላይ በአንድ ደቂቃ ይጠየቅ፤ ከተቻለ ደግሞ ይህን ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ ስጡት። ሌላው ብልሽት አለመደወል ነው። የማይቻል ሲሆን አስቀድሞ መንገር ይሻላል፤ ሳይነግሩ መቅረት ከነጭራሹ ካለመጀመር ይከፋል። ስልኩ ሳይነሣ ሲቀር የሚደረገውንም አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ፣ ከዚያ ቁልፍ ያለው ጎረቤት። ይህ ካልተወሰነ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው ችላ ይላል።

ስብስብ መመሥረት

አረጋውያንን ሰብስቦ ንግግር ማሰማት ስብስብ አይባልም። ሰው ተሰልፎ ተቀምጦ አንድ ተናጋሪ ሰምቶ ሲመለስ ከአጠገቡ የተቀመጠውን ስም እንኳ አያውቅም። ከተፈተኑት መንገዶች ልትከተሉት የሚገባው የፊንላንዱ «የወዳጅ ክበብ» ነው። ካይሱ ፒትካላ እና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆነና ብቸኝነት የሚሰማቸው 235 ሰዎችን ይዘው አጠኑት። በአንድ ቡድን 7 ወይም 8 ሰው፣ ሁለት አስተባባሪ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በ3 ወር 12 ስብሰባ። ቡድኖቹ በፍላጎት የተለዩ ነበሩ፤ ሥነ ጥበብ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ጽሑፍ። ከ2 ዓመት በኋላ በቡድን ከነበሩት 97 በመቶው፣ ካልነበሩት 90 በመቶው በሕይወት ነበሩ።

ቁጥሩ 8 ይሁን። በየሳምንቱ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ቀጠሮ ይኖረዋል፤ በ5 የተጀመረ ክበብ በሁለተኛው ወር ሁለት ሰው ይዞ ይፈርሳል። ከ10 ካለፈ ደግሞ ዝምተኞቹ ይዋጣሉ፣ ጆሮ የደከማቸውም ይጠፋሉ። ጊዜው ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፣ በጨለማ መመለስ የለበትምና። ወንበሩ መደገፊያ ክንድ ያለውና ከፍ ያለ ይሁን። ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ የተቀመጠ አዛውንት ሲነሣ ሰው እንዲጎትተው ይገደዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ይቀራል። ሁሉም የሁሉን ፊት እንዲያይ በክብ አስቀምጡ፣ ሙዚቃ አይከፈት፣ ምንጣፍ የሌለው ባዶ አዳራሽ ድምፅ ስለሚያስተጋባ አይመረጥ።

የመጀመሪያው ስብሰባ «እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁ» በሚል አይጀመር። ብዙ ያጣ ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ ያጣውን መቁጠር ይጀምራል። እጅ የሚይዘው ነገር ይቅደም፦ አንድ የቆየ ዕቃ ወይም ፎቶ ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው፣ ስለ ዕቃው ይናገሩ። በተለይ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ከመወያየት ጎን ለጎን ሆነው እየሠሩ ማውራት ይቀናቸዋል። በ1990ዎቹ በአውስትራሊያ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች የተስፋፋው የወንዶች የሥራ ሼድ የቆመው በዚህ ላይ ነው። እንጨት እየላጉ፣ ብስክሌት እየጠገኑ የልብን ማውራት።

ሳምንታዊ መሆኑ ላይ አትደራደሩ። ጄፍሪ ሆል በ2018 ባሳተመው ጥናት ሁለት ሰዎች ከትውውቅ ወደ ቀላል ወዳጅነት ለመሸጋገር ወደ 50 ሰዓት፣ ወደ ጓደኝነት 90 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጥብቅ ወዳጅነት ከ200 ሰዓት በላይ አብረው እንደሚያሳልፉ ገምቷል። ጥናቱ በወጣቶችና በጎልማሶች ላይ ቢሆንም ሒሳቡን ሥሩት፦ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢገናኙ 50 ሰዓት የሚሞላው በግማሽ ዓመት ነው፣ በወር አንዴ ከሆነ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። «ሁለት ወር ሞከርን፣ አልተዋደዱም» ብሎ መዝጋት ገና ሳይጀመር መተው ነው።

አስተባባሪው እጁን ቀስ በቀስ ይሰብስብ። በመጀመሪያው ወር ርዕስ ያመጣል፣ በሁለተኛው አባላቱ ራሳቸው ይመርጣሉ፣ በሦስተኛው ደግሞ ስልክ ቁጥር ተለዋውጠው የቀረውን የሚጠይቀው ሌላው አባል ይሆናል። ያለ እሱ የማይሰበሰብ ቡድን እሱ ሥራ የቀየረ ዕለት ያበቃለታል። የቀረ ሰው ዕለቱን ማታ ይደወልለት። ሦስት ሳምንት ሳይጠየቅ ያለፈ ሰው ተመልሶ አይመጣም፣ ሳይፈለግ እንደቀረ ቆጥሮታልና። አንድ ሰው ብቻ የሚያወራ ከሆነ ሰዓት ጠባቂነቱን ለእሱ ስጡት። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

የሚሰጡት ነገር

በ2003 ስቴፋኒ ብራውን እና ባልደረቦቿ 423 አረጋውያን ጥንዶችን ለ5 ዓመት ተከታትለው ባገኙት ውጤት፣ ለሌላ ሰው እርዳታ ይሰጡ የነበሩት የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ነበር፤ እርዳታ መቀበል ብቻውን ግን ይህን ጥቅም አላሳየም። እኛ የምናደርገው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከወደድናቸው «አይልፉ፣ ቁጭ ይበሉ» ብለን ሥራውን ሁሉ እንቀማቸዋለን። «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለው ቃል የሚወለደው እዚህ ነው።

ሥራው እውነተኛ መሆኑን መለያው ቀላል ነው፦ አንድ ሳምንት ቢተዉት የሚጎድልበት ሰው አለ? ለማስደሰት የተፈጠረ ሥራ ወዲያው ይነቃበታል። የጎረቤት ቁልፍ መያዝ፣ ሌላ ብቸኛ ሰው ጋ በቀን አንዴ መደወል፣ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብ መስማትና ማረም፣ የክበቡን መዝገብ መጻፍ፣ የሚያውቁትን ሙያ ለአንድ ወጣት ማሳየት። አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንኳ ደዋይ መሆን ይችላል። መጠኑ በሳምንት ሁለት ሰዓት ገደማ ቢሆን በቂ ነው። የልጅ ልጅ ሙሉ ቀን መጠበቅ ወይም የታመመ የትዳር ጓደኛን ሌት ተቀን ማስታመም ከዚህ አይቆጠርም፤ ያ ራሱ ከሰው የሚነጥል ሸክም ነው፣ ተተኪ ሰው ይፈልጋል።

እምቢ ሲሉ

«ደህና ነኝ፣ አትድከሙ» የሚለውን መልስ እንደ ውሳኔ አትውሰዱት፣ እንደ ስንፍናም አትቁጠሩት። ጆን ካቺዮፖ ለዓመታት ባጠናው መሠረት ለረጅም ጊዜ ብቸኛ የሆነ ሰው አእምሮው የመገፋት ምልክት ፈላጊ ይሆናል። የዘገየ ጥሪ «ረስተውኛል»፣ ድንገተኛ ግብዣ «አዝነውልኝ ነው» ተብሎ ይተረጎማል። ክሪስቶፈር ማሲ ከካቺዮፖና ከሌሎች ጋር በ2011 ባደረገው ግምገማ ከሌሎች የእርዳታ ዓይነቶች የተሻለ ውጤት ያሳየው ይህንኑ አተረጓጎም እንዲያስተውሉና እንዲፈትሹ የሚረዳው ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን «ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል? ጠይቀናቸው እንይ?» ማለት ይቻላል።

ግብዣውን አሳንሱት። «ክበቡ ውስጥ ይግቡ» ሳይሆን «ረቡዕ ለግማሽ ሰዓት አብረን ገብተን እንይ፣ ካልተመችዎት አብረን እንወጣለን።» በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜያት አብራችሁ ሂዱ፤ ለአዲስ ሰው ከሁሉ የሚከብደው በሩን አልፎ የት እንደሚቀመጥ አለማወቅ ነው። ስለዚህ ከአባላቱ አንዱ በር ላይ ተቀብሎ ከጎኑ ያስቀምጣቸው። እምቢ ካሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ መልክ ጠይቁ። ብቻቸውን መሆን የሚወዱና ከ3ቱ ጥያቄዎች 3 ወይም 4 ያገኙ ከሆነ ግን ተዉአቸው።

በስክሪን መተያየትን በተመለከተ አጭር ነው የምንለው፦ ለሩቅ ልጅ ጥሩ ነው፣ የቅርብ ሰውን ግን አይተካም። አንድ መሣሪያ፣ አንድ ቁልፍ፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ቅደም ተከተል ወረቀት። ሦስት መተግበሪያ ባንድ ቀን አታስተምሩ። የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ ስልክ ደውሎ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ማንም ቢሆን፣ ባንክ ነኝ ቢልም፣ እንዲዘጉበት ይሁን። ብቸኛ ሰው ለአጭበርባሪ የሚመቸው ወሬ ስለሚናፍቅ ነው።

ብቸኝነት ያልሆነው

ከሁለት ሳምንት በላይ የወደዱትን ሁሉ መተው፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ «ለምን እኖራለሁ» ማለት ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና አለው፣ ወሬ ብቻ አያድነውም። ሞትን የሚመኝ ንግግር ከተሰማ ዕለቱን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ብቻቸውንም አይተዉ። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣ ዝምታ፣ ቃል መጥፋት፣ ያወቁትን መንገድ መሳት የመርሳት ሕመም ጅምር ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን የመጣ መደናገር ደግሞ አስቸኳይ ነው። ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊያመጣው ይችላል። አንድ ሰው ሲገባ ድምፃቸው የሚጠፋ፣ ስልክ ለብቻቸው እንዲያወሩ የማይፈቀድላቸው፣ ገንዘባቸው የት እንደገባ የማያውቁ ከሆነም ጉዳዩ ጥቃት ሊሆን ይችላል፤ ብቻቸውን አግኝታችሁ ጠይቁ።

ከ12 ሳምንት በኋላ

ሁለቱን መጠይቆች ድገሙ፣ ከመጀመሪያው ነጥብ ጎን ጻፉ። የሉበኑ ከፍ ብሎ የብቸኝነቱ ካልቀነሰ ሰው በዝቷል፣ የቅርብ ሰው ግን የለም፤ ከክበቡ ውስጥ የሚስማሙትን አንድ ሰው ለይታችሁ ሁለቱ ብቻ የሚገናኙበትን ቀን አመቻቹ። የብቸኝነቱ ቀንሶ የሉበኑ ባለበት ከቆመ አንድ ሰው ላይ ተደግፈዋል፤ ያ ሰው እናንተ ከሆናችሁ ሳትደክሙ በፊት ሁለተኛ ደዋይ አስገቡ። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ ሌላ ስብስብ አትፈልጉ። ወደ ጆሮ፣ ወደ ዓይንና ወደ ድባቴ ምርመራ ተመለሱ።